በንባብ ማስተማር ሙያ ትምህርታቸውን ማሳደግ የሚሹ የሰሜን ሸዋ መምህራን ተደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ እስከ ዓለም ከተማ በየጉድኝት ማዕከሉ (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች መሰባሰቢያ) እና በየክረምቱ ሥልጠና የማገኛቸው መምህራን ስለ ንባብ ማስተማር ትምህርት የሚያነሡልኝ ጥያቄዎች እጅግ ተቀራራቢ ናቸው። ለእያንዳንዱ በቃል ከመደጋገም መልሱን በአንድ ቦታ ጽፎ ማስቀመጡ የተሻለ መስሎኛል። ጠያቂው በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆችን ማንበብ የሚያስተምር ወይም ለዚሁ የሚዘጋጅ መምህር እንደሆነ አድርጌ ጽፌአለሁ።

የንባብ ባለሙያ የሚባለው መምህር ሥራው ምንድን ነው?

ልጆች ማንበብን እንዴት እንደሚማሩ፣ የት ላይ እንደሚሰናከሉና የተሰናከለውን ልጅ በምን መንገድ ማንሣት እንደሚቻል በጥልቀት ያጠና መምህር ነው። ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን በጥቂት በጥቂቱ ሰብስቦ ያስተምራል፤ የእያንዳንዱን ልጅ የንባብ ደረጃ እየለካ ይመዘግባል፤ የሥራ ባልደረቦቹ ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ተመልክቶ ያማክራቸዋል።

ይህ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያሳየችኝ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከመጽሐፏ አንድ ገጽ ሳትሰናከል አነበበችልኝ፤ ጣቷም ከመስመሩ ሥር ይሄድ ነበር። ሆኖም ጣቷ ሦስተኛው ቃል ላይ ሳለ አፏ አምስተኛውን ጨርሶ ነበር። ሥዕሉን በመዳፌ ሸፍኜ ከመስመሩ መካከል ያለ አንድ ቃል ብቻ እንድታነብልኝ ስጠይቃት ዝም አለች፤ ጥቂት ቆይታ ቃሉ ላይ ለመድረስ ገጹን ከመጀመሪያው ጀምራ በቃሏ ወጣችው። ልጅቱ ገጹን ሸምድዳው ነበር እንጂ አላነበበችውም። መምህሯ ያቀረበችልኝ ጎበዝ አንባቢ ብላ ነው፤ እኔም ራሴ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያሉ ልጆችን ጎበዝ እያልሁ ወደሚቀጥለው ክፍል አሳልፌአለሁ።

በኢትዮጵያ «የንባብ ባለሙያ» የሚል የሙያ ፈቃድ አለ?

የለም። በአገራችን የመምህራን የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው መምህሩ በሚያስተምርበት እርከንና በትምህርቱ ዓይነት ሲሆን፣ ምዘናውም በጽሑፍ ፈተናና በማኅደረ ተግባር፣ ማለትም መምህሩ በሚያሰባስባቸው የሥራ ማስረጃዎች፣ የሚካሄድ ነው። ከጀማሪ መምህር አንሥቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ የሚሄደው የደረጃ ዕድገትም በንባብ ላይ ለተካነ ሰው የተለየ መስመር አላወጣም።

ይህ ማለት ግን በንባብ ላይ የሠሩት ሥራ አይቆጠርም ማለት አይደለም። እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠበቃል። ብዙዎቻችን ይህን ሰዓት ቅጽ በመሙላት እንጨርሰዋለን፤ ይህም ያሳዝነኛል። በክፍልዎ ያሉትን ልጆች ንባብ በመስከረም ለክተው፣ ያስተማሩበትን ዘዴ ጽፈው፣ በጥርና በሰኔ ደግመው ቢለኩ ለማኅደረ ተግባርዎ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያገኙም።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ይያዙ፦ የጥቂት ቀናት ሥልጠና ተሰጥቶ የሚታደል ሰርተፍኬት በሥልጠናው መገኘትዎን የሚመሰክር እንጂ ፈቃድ አይደለም። ከዚያ የሚበልጥ ነገር እንደሚያስገኝ ተነግሮዎት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የወረዳዎን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

በውጭ አገር ያለው አሠራር ምን ይመስላል?

በስፋት የተደራጀው በአሜሪካ ስለሆነ እሱን እጠቅሳለሁ። እዚያ ፈቃድ የሚሰጠው ፌደራል መንግሥቱ ሳይሆን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የመምህርነት ፈቃድና የክፍል ውስጥ ልምድ ያለው መምህር በንባብ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ወይም ከዚያ ጋር የሚመጣጠን ኮርስ እንዲያጠናቅቅ ይጠይቃሉ፤ በብዙዎቹም ፕራክሲስ በሚባለው ፈተና ወይም ክፍለ ግዛቱ ራሱ ባዘጋጀው ፈተና ይመዘናል። እ.ኤ.አ. በ1956 ተመሥርቶ ከ2015 ወዲህ ስሙን የቀየረው ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ማኅበርም የንባብ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበትን መመዘኛ ያወጣል።

ከዚያ አሠራር ልንወስደው የሚገባን አንድ ነገር ቢኖር የተግባር ልምምዱ ነው። ሠልጣኙ ማንበብ ከተቸገሩ ልጆች ጋር እየተቀመጠ ያስተምራል፤ የሚያስተምረውም ልምድ ያለው ባለሙያ እያየውና እያረመው ነው። የዲግሪው ፍሬ ነገር እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል።

በውጭ ተምረው ለሚመለሱ፦ ዲግሪው በአገር ውስጥ ዋጋ እንዲኖረው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ሊሰጠው ይገባል። በአገር ውስጥም በግል ተቋም ለመማር ካሰቡ ተቋሙ ብቻ ሳይሆን የሚመዘገቡበት የትምህርት መስክና ካምፓስ ጭምር የዕውቅና ፈቃድ እንዳለው ከዚሁ መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ።

ታዲያ በሁለተኛ ዲግሪ በየትኛው ትምህርት ክፍል ልመዝገብ?

በንባብ ማስተማር ስም የተከፈተ ክፍል ከመፈለግ ወደ ንባብ የሚያደርስዎትን መስክ መምረጥ ይሻላል። አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን በአማርኛ የሚያስተምር መምህር አማርኛን የማስተማር የትምህርት መስክ ይስማማዋል፤ ይህን የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ ዓመታት ሲሰጡት ቆይተዋል። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ከሆነ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር መስክ አለለት። ሥርዓተ ትምህርትና ማስተማር፣ ልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ የትምህርት ሥነ ልቡናም ወደ ንባብ የሚያስገቡ በሮች ናቸው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለአብዛኞቻችን ቅርብ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድመው በየዓመቱ የሚያወጣውን የድኅረ ምረቃ ማስታወቂያ ይመልከቱ፤ ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ ለሚመላለስ ሰው የመንገዱ ነገር ከትምህርት ክፍያው የማያንስ ወጪ አለው።

ብዙ ሰው ሥነ ልሳንን ወይም ሥነ ጽሑፍን የሚመርጠው አማርኛ ስለሚወድ ነው። ፍቅሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ልቦለድ ትንተና በደንብ የሚያውቅ መምህር የስድስት ዓመት ልጅ «ለ»ን ከ«ሰ» ለምን እንደሚያምታታ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ጠይቀው ያንብቡ። የመጀመሪያ ደረጃ ንባብን፣ የቋንቋ ምዘናንና ከልጆች ጋር የሚደረግ የተግባር ልምምድን የሚመለከት ኮርስ ይፈልጉ፤ ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ሌላ መስክ ያማትሩ።

ያለኝ ዲፕሎማ ብቻ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ከመድረሴ በፊት ብዙ ዓመት አይፈጅም?

ይፈጃል። መጀመሪያ የመጀመሪያ ዲግሪዎን በክረምት፣ በማታ ወይም በርቀት መርሐ ግብር ማጠናቀቅ አለብዎት፤ ሁለተኛ ዲግሪውም በመደበኛ መርሐ ግብር አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመት የሚወስድ ሲሆን በክረምት ሲሆን ይረዝማል። ያ ጊዜ ግን ባዶ ጊዜ አይደለም፤ ክረምት የተማሩትን በመስከረም ክፍል ገብተው የሚሞክሩበት ስለሆነ በተከታታይ ሁለት ዓመት ከሚማረው ይልቅ በክረምት የሚማረው መምህር ለንባብ ትምህርት የተሻለ ዕድል አለው እላለሁ።

ለመግባት ምን ምን ማዘጋጀት ይኖርብኛል?

የመጀመሪያ ዲግሪ ማስረጃ፣ ከተመረቁበት ተቋም በቀጥታ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ እንዲሁም መንግሥት የሚያስተምርዎት ከሆነ ከመሥሪያ ቤትዎ የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍም ግዴታ ሆኗል። ስፖንሰር የተደረገ መምህር ከተመረቀ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የማገልገል ውል ስለሚፈርም ውሉን ሳያነቡ አይፈርሙ። ትራንስክሪፕት ማስላክ ከሚገመተው በላይ ስለሚዘገይ የምዝገባውን ማስታወቂያ ሳይጠብቁ ይጀምሩት።

ፊደል ያወቀ ልጅ ያነባል፤ ለዚህ የሁለተኛ ዲግሪ ምን ያስፈልጋል?

ይህን ጥያቄ ከርዕሰ መምህራንም ከወላጆችም እሰማለሁ፤ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

የትምህርት ሚኒስቴር በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ በ2002 ዓ.ም. ያስጠናው የመጀመሪያ ደረጃ ንባብ ምዘና ከ13 ሺህ በላይ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ያካተተ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት የተመላለሱ ናቸው፤ ፊደል ገበታን ከዳር እስከ ዳር በዜማ የሚወጡም በመካከላቸው አይጠፉም። ከዚያ ምዘና በኋላ ነው አማርኛን ጨምሮ በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ ሥርዓተ ትምህርቱና መጻሕፍቱ እንደገና የተዘጋጁት።

ፊደላችን ለልጅ ቀላልም ከባድም ነው። ቀላልነቱ አንድ ፊደል በአብዛኛው አንድ የታወቀ ድምፅ ስላለው ነው። ክብደቱ ደግሞ ከብዛቱ ይጀምራል፦ 33ቱ ሆሄያት በሰባት ሰባት ሲረቡ 231 ቅርጽ ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣሉ። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ደ» እና «ጀ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነው በሦስት መልክ ይጻፋሉ። ሳድሱ አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ ድምፁ ይዋጣል፤ ልጁ «ትምህርት» የሚለውን ቃል አምስቱንም ሆሄ ነጥሎ እየጠራ ሲያነብ የሚሰማው ነገር ከሚያውቀው ቃል ጋር አይገጥምለትም።

ከሁሉ የሚከብደው መጥበቅና መላላት ነው። «ዋና» ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ ነው፤ «ገና»ም እንደዚሁ። «አባቴ አለ» የሚለውን አጭር ዓረፍተ ነገር ይውሰዱ፦ አባትየው ተናገረ ማለት ይሁን በሕይወት አለ ማለት ይሁን ፊደሉ አይነግረንም፤ የሚነግረን በፊትና በኋላ ያለው ሐሳብ ነው። እንግዲህ በአማርኛ በትክክል ለማንበብ ራሱ ቀድሞ መረዳት ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ መምህር ልጁን «ፊደሉን አታውቅም» ብሎ ይቆጣዋል፤ የሚያውቀው መምህር ግን ልጁ ፊደሉን እንደለየና የጎደለው የዐውዱ ግንዛቤ መሆኑን ይገነዘባል።

ጎፍና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት አስተሳሰብ ንባብ የፊደልን ድምፅ የማውጣት ችሎታና የቋንቋ ግንዛቤ ብዜት ነው፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በንግግር ውስጥ ያሉ ድምፆችን መለየት፣ ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት ዕውቀትና አንብቦ መረዳት ሊታለፉ የማይገባቸው ምሰሶዎች መሆናቸውን አስቀመጠ። ሐሳቦቹ ለእኛም ይጠቅማሉ፤ የእንግሊዝኛውን መለኪያ ቁጥር ግን እንዳለ መገልበጥ ስሕተት ነው። «አልነገርኳችሁም» በአማርኛ አንድ ቃል ሲሆን በእንግሊዝኛ አራት አምስት ቃል ይሆናል፤ በደቂቃ ይህን ያህል ቃል ያንብብ ብሎ የእንግሊዝኛን ልክ በአማርኛ ተማሪ ላይ መጫን ልጁን ያለ ጥፋቱ መቅጣት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለይቶ የሚያውቅ ሰው እንዲኖረን ነው ትምህርቱ የሚያስፈልገው።

የቄስ ትምህርት ቤት ልምድ ለዚህ ሙያ ይጠቅማል?

በጣም ይጠቅማል፤ ማስተዋሉ ካለ። ዳዊት የደገመ መምህር በዞናችን ጥቂት አይደለም። የኔታ ተማሪውን በስንደዶ እያስጠቆሙ እያንዳንዱን ሆሄ ለብቻው ያስለዩታል፤ ከዚያ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ያሻግሩታል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እየተባለ የሚሰጠው የአነባበብ ሥርዓት ፊደሉ ያልጻፈውን ነገር አንደበት እንዲጠብቀው የተሠራ ነው። አንድ ተማሪ በሚገባ ሳያነብ ወደሚቀጥለው አለመሻገሩና መምህሩ የእያንዳንዱን ተማሪ ድምፅ በየዕለቱ መስማቱ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ያጣቸው ሁለት ትልልቅ ነገሮች ናቸው። ሊቀር የሚገባው ልጁ የማይሰማውን ቋንቋ ትርጉሙን ሳያውቅ ለዓመታት ማንበቡ ነው፤ ያን ልማድ ወደ አማርኛ ክፍል ይዘን ስንገባ ልጁ ያነባል እንጂ አይረዳም።

ማንበብ እምቢ ያለው ልጅ ዲስሌክሲያ (ድምፅና ፊደልን የማገናኘት ተፈጥሯዊ ችግር) እንዳለበት በምን አውቃለሁ?

መምህር ይጠረጥራል እንጂ አይወስንም። በቅድሚያ ልጁ በሚገባ የሚያይና የሚሰማ መሆኑ በጤና ጣቢያ ይረጋገጥ፤ ሰነፍ ሲባል ከርሞ ከፊት ወንበር ሲቀመጥ የተስተካከለ ልጅ አጋጥሞኛል። ከዚያ በኋላ ልጁ በቃል ሲጠየቅ ብልህ ሆኖ ሳለ፣ ተለይቶ እየተረዳም ወራት አልፈው ድምፅና ፊደልን ማገናኘት ካቃተው ወደ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ይላክ። ዲስሌክሲያ የአእምሮ ማነስ አይደለም፤ ለወላጆቹም ይህን ደጋግመው ይንገሯቸው።

በዞናችን ትምህርት ተቋርጦባቸው የቆዩ ልጆችን በተመለከተ ትምህርቱ ምን ይሰጠኛል?

በጦርነቱና ከዚያ ወዲህ ባለው የጸጥታ ችግር ምክንያት ከትምህርት ገበታ ርቀው የከረሙ፣ ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ያደጉ ልጆች በየክፍሉ አሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጦ «ሀ ሁ» ሲባል ያፍራል፤ ሲያፍርም ይቀራል። የንባብ ትምህርት የተማረ መምህር በአምስት ደቂቃ ምዘና ልጁ የቆመበትን ቦታ አግኝቶ፣ ለዕድሜው የሚመጥን ምንባብ መርጦ ከዚያው ሊያስጀምረው ይችላል። በሸዋ ሮቢትና በአንኮበር በኩል ደግሞ አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአርጎብኛ የፈቱ ልጆች ስላሉ መምህሩ በአማርኛ ቃሉን ከማስነበቡ በፊት ቃሉን ማስተማር እንዳለበት ያውቃል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ምን ዓይነት ርዕስ ይመከራል?

«የመምህራን አመለካከት» ላይ መጠይቅ በትኖ መመረቅ ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ያንኑ ይደግማሉ። እባክዎ ልጆቹን ያጥኑ። ለምሳሌ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ የሚሠሩት ስሕተት የትኛው ፊደል ላይ ይበዛል? የሚጠብቅ ቃል ሲገጥማቸው ምን ያደርጋሉ? ፊደልን በተራ ከማስተማር በብዛት በሚያጋጥሙ ሆሄያት መጀመር ለውጥ ያመጣል? ሃያ ልጆችን አንድ በአንድ ጠርቶ ድምፃቸውን በስልክ ቀድቶ፣ ከወላጆች ፈቃድ ጠይቆ፣ ስሕተቱን ቃል በቃል መመዝገብ በአንድ ትምህርት ቤት የሚሠራ ሥራ ነው። መዝገቡ ከተመረቁ በኋላም ለወረዳው ሁሉ ያገለግላል።

ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ አንደኛ ክፍል ማስተማር ወደ ኋላ መመለስ አይሆንብኝም?

የደከምሁት ለዚህ ጥያቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በልማዳችን መምህር በተማረ ቁጥር ከታችኛው ክፍል ይርቃል፤ ዲግሪ ሲይዝ ወደ ላይኛው እርከን፣ ሁለተኛ ዲግሪ ሲይዝ ወደ ኮሌጅ ወይም ወደ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። አንደኛ ክፍል አዲስ ለተመደበ ወይም ሌላ ክፍል ላጣ ይተዋል። የተማረው ሰው ለሚያነቡት ልጆች ይመደባል፤ ገና ማንበብ ያልጀመሩት ደግሞ ልምድ ለሌለው ይቀራሉ። በአንድ ትምህርት ቤት ሳገለግል እኔም ዲግሪዬን እንደያዝሁ ወደ ሰባተኛ ክፍል ተዛውሬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እዚያ ያገኘኋቸው ግማሽ ያህሉ ልጆች የሳይንስ መጽሐፋቸውን ማንበብ የማይችሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአጠገባቸው ያለፍኋቸው ናቸው።

ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ከርዕሰ መምህርዎና ከወረዳው ጋር ተነጋገሩ። ተመርቀው ሲመለሱ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለውን ንባብ የሚከታተሉ፣ በሳምንት የተወሰነ ክፍለ ጊዜ ከተቸገሩ ልጆች ጋር የሚሠሩና በጉድኝት ማዕከሉ ሌሎችን የሚያሠለጥኑ ሆነው እንዲመደቡ ይጠይቁ፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። አንደኛ ክፍል መግባትዎ ደመወዝዎን ይነካ እንደሆነም አስቀድመው ከወረዳው ያረጋግጡ። የሚጠየቁት በየማለዳው አንድ ልጅ አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ጣቱ የት እንዳለ እያዩ፣ ሲያነብ መስማት ነው።